ምርግና ልስን

ግድግዳው ስድስት ቦታ ተሰንጥቋል። ብሩክታዊት ከፊቱ ተንበርክካ ስንጥቁን በጣቷ ትዳብሳለች። የአርክቴክቸር መመረቂያ ሥራዋ ነው፤ አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ የእንግሊዝ ገበሬ ቤት አንድ ግድግዳ፣ በሙሉ ልኩ። የኦክ ምሰሶ አቁማ፣ በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ጎንጉና፣ ጭድና እበት የገባበት ጭቃ መርጋበታለች። መምህራኑ ወደ ወርክሾፑ ጓሮ የሚመጡት በስምንት ሰዓት ነው።

«ዳድ፣ አለቀልኝ። ፌይል ማድረጌ ነው።»

አባቷ ዘውዱ፣ ሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ከሚሠራበት መጋዘን ፈቃድ ወስዶ የመጣው ልጁ ስትመሰገን ሊያይ ነበር። ግድግዳውን ሲያይ ግን ሳቁ መጣበት። የእንግሊዝ ቅርስ የተባለው እሱ የሚያውቀው የጭቃ ቤት ነው፤ ማገሩም ምርጉም ያው። ስንጥቁም ጥፋት አይደለም። የመጀመሪያው ምርግ ይሰነጠቃል፤ ልስኑ ቆንጥጦ የሚይዘው በዚያ ነው። ልጅቷ ያጠፋችው ምርጉ ላይ ማቆሟ፣ አለመለሰኗ ብቻ ነው።

ይህን ከተናገረ ግን ውሸቱ ሊገለጥ ነው። «አገር ቤት ኢንጂነር ነበርኩ» እያለ ነው ያሳደጋት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዘውዱ እውነት ግን ሃያ ሁለት ዓመት አድሮም አልጠራም። መሐንዲስ ደግሞ ጭቃ በእግሩ አይረግጥም። ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ሆኗል።

ጫማውን አወለቀና የተረፈው ጭቃ ውስጥ ገባ።

«ጭዱን አድቅቂልኝ። የተረፈሽን እበትም አምጪ።»

«ዳድ፣ ይሄን ከየት አወቅከው?»

«ኢንጂነር አልነበርኩም፣ ብሩክቲ። በቀን ሥራ የሰው ቤት የምመርግ ጭቃ አቡኪ ነበርኩ።» ቀና ብሎ አላያትም። አፍሯል፤ መርገጡን ግን አላቆመም።

ጭዱን ማድቀቅ ጀመረች። ከጭዱ ሳትነሳ፣ «ስንት ቤት ሠራህ?» አለችው።

ዘውዱ ይህን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ወገቡን አቀና።

«ሰፈሩን በሙሉ» አለ።

በስምንት ሰዓት፣ እሱ እያሳያት አብረው የለሰኑት ልስን ገና እርጥብ ነበር፤ አንድም ስንጥቅ ግን አይታይበትም። ከመምህራኑ መካከል በዕድሜ የገፉት ሰውዬ መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ።

«እንዲህ የሚለስን ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። ማን አስተማረሽ?»

ብሩክታዊት አባቷን አየችው። የቱን ልንገራቸው ማለቷ እንደሆነ ገባው። መልሱን ለእሷ አልተወላትም። ጭቃው ገና ያልለቀቀውን እጁን ለሽማግሌው ዘረጋ።

«እኔ ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ። «ሙያዬ ነው።»