ጉልበቷ የታሰረ መኪና

ጋሽ ዳኘው የመኪናቸውን ጉልበት ማሳሰራቸውን አልነቅፍም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰዉ ሁሉ «ሰናይት በማታውቀው የመኪና ነገር ገብታ ትንጨረጨራለች» እያለ ያማኛልና። እኔ አርብ ገበያ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አለኝ። የሾፌር ወሬ ስሰማ ነው የምውለው፤ ተርቦ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሞተሩን አየር እየጋተ ዳገት የሚያስወጣው እሱ ነው።

የጋሽ ዳኘው ፒክአፕ ባለ ተርቦ ናት። የወንድማቸው ልጅ አዲሱ ሲያገባ ለሙሽራ ተጠየቀች። በእኛ ዘንድ ሰርግ ቤት የጠየቀውን መከልከል ነውር ነው። ሚዜ ደግሞ መሪ ሲይዝ ያብዳል፤ አምና በአጀብ ሲሽቀዳደሙ አንዷ መኪና ገደል ገብታለች። እናም ጋሽ ዳኘው ንፋስ መውጫ ሄደው መካኒኩን ደምሌን «እስከ ሰርጉ ማግስት ጉልበቷን ቀንስልኝ» አሉት። ደምሌ ወደ ተርቦው የምትሄደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ነቀለና አፏን በምስማር ወተፈው። መልሶ መሰካት እጅ ላለው ሁሉ የደቂቃ ሥራ ነው። ሜዳ ላይ እንደ ወትሮዋ ትሄዳለች፤ መብረር ግን የለም። ብልሃት ነው፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

ግን ቁልፉን ሲያስረክቡ ምን አሉ? ዳሱ ውስጥ፣ ካህናቱ ተቀምጠው፣ ሴቱ እልል እያለ፣ «እንደ ልባችሁ ንዷት! የእናንተው ናት!» አሉ። ተመረቁ፣ ተጨበጨበላቸው። «አስሬያታለሁ» ቢሉ «አላመኑንም፣ ሰሰቱ» ይባላላ! ይሉኝታ ያዛቸው።

በዚያው ቀን ታናሽ እህቴን ዮዲትን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። ጤና ጣቢያው ያለችው አዋላጅ መሠረት ዳሰሰቻትና ፊቷ ተለወጠ። «ልጁ አግድም ነው። ቶሎ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ካልደረሰች እሷንም ልጁንም እናጣለን» አለችን። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። የዮዲት ባል ሰማኸኝ ሾፌር ነው፤ እየሮጠ ሰርግ ቤት ገባ። አዲሱ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ሙሽራ ሆኖ ሳለ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም። «እኛ በእግራችንም እንገባለን፣ ሂድ!» ብሎ ቁልፉን ወረወረለት። አበባው እንኳ ከመኪናዋ ላይ አልወረደም።

ዮዲትን ከኋላ ወንበር ላይ ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ዘመድ አዝማዱ ደግሞ «ወላድ ብቻዋን አትሄድም» ብሎ ጭነት መያዣው ላይ ተንጠላጠለ። ማን ውረዱ ይበል? እንዲያ ሞልተን ሄድን። ሜዳውን ደህና ተጓዝን። ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ አቃሰተች። ሰማኸኝ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ፤ ምንም። ጥቁር ጭስ ብቻ። «ውረዱ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ወርዶ ገፋ። ጥቂት ወጣች፤ ሙቀቷ ጨመረና ቀጥ አለች። ከጎማዋ ኋላ ድንጋይ አደረግን። ዮዲት እጄን ነክሳ ይዛለች።

ሰማኸኝ ጋሽ ዳኘው ዘንድ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ጉልበት አጣች! ዮዲት ምጥ ላይ ናት፣ ዳገቱ ላይ ቆመናል። ያስነኩት ነገር አለ እንዴ?»

ከወዲያ ከበሮው ይመታል፣ ሰው ይስቃል። ጋሽ ዳኘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኧረ ምን ይነካል! ነዳጁ ይሆናል። ቀስ እያልክ ሞክራት» አሉና ዘጉት።

ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚል? «ቱቦዋን ሰካት» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ሰማኸኝ የነዳጅ ማጣሪያውን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። የሌለ በሽታ ሲያክም ጊዜው ነጎደ። እህቴ መጮህ አቁማ ማቃሰት ጀመረች፤ ያ ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራኝ። በኋላ ድንች የጫነ አይሱዙ ደረሰልን። ሾፌሩ ረዳቱን ድንቹ ላይ አውጥቶ እኛን ጋቢና አስገባን።

ልጁ ተረፈ። ወንድ ነው። እሷም ተረፈች፤ ግን ማህፀኗ ተቀዶ ስለነበር አወጡት። ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። እህቴ ከእንግዲህ አትወልድም።

ሰማኸኝ የቆመችውን መኪና አስጎትቶ ደምሌ ዘንድ ወሰዳት። ደምሌ ኮፈኑን ከፍቶ ምስማሯን ሲያሳየው «ጋሽ ዳኘው አልነገሩህም እንዴ?» አለው። ሰማኸኝ ይህን ሲነግረኝ የያዝኩትን ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት። እሱ ግን አልጮኸም። «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምን ልበላቸው?» አለ። እሱንም ያን ጊዜ ልመታው ነበር።

የልጁ ክርስትና ሲቃረብ ጋሽ ዳኘው ሽማግሌ ይዘው፣ በግ አስነድተው መጡ። የንስሐ አባታችን ቄስ ጥላዬም አብረው ናቸው። ተቀመጡ። ስለ አዝመራው አወሩ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ። ስለ ዳገቱ የተነፈሰ የለም። በመጨረሻ ቄስ ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያለፈው አልፏል። ሰይጣን ከመካከላችን ይውጣ። ዳኘው ልጁን ክርስትና ላንሳው ብሏል፤ ዝምድናው ይጠብቃል።»

አያችሁ? ይቅርታ ሳይጠይቁ ዘመድ ሊሆኑ! ለዚያ ልጅ የክርስትና አባት! ሰማኸኝ አንገቱን ደፍቶ «አባቶች ካላችሁ እንግዲህ...» ማለት ጀመረ። እኔ ልነሳ ስል ዮዲት ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ጋሽ ዳኘው፣ ሰማኸኝ ሲደውልልዎ ምክንያቱን ያውቁ ነበር?» አለቻቸው።

ጋሽ ዳኘው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሙሽሮቹ፣ አማቾቹ አጠገቤ ናቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ብዬ ላውራው?»

«አሁንም ሰው ተሰብስቧል። አሁን ይናገሩት። ያን ጊዜ ያደረጉትን በአፍዎ ይንገሩኝና ልጄን ያንሡ፤ እኔ እሺ እላለሁ።»

እግዜር ያውቃል፣ ያን ጊዜ እኔም ቢሆን እንዲናገሩ ተመኝቼ ነበር። ጋሽ ዳኘው ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ቄሱን አዩ፣ በር ላይ የቆሙትን ጎረቤቶች አዩ።

«እስቲ...» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሰዉ ጥቂት ይውጣልንና፣ ለብቻዋ ልንገራት።»

ዮዲት ልጇን ከጭኗ አንሥታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«በጉን ይዛችሁ ሂዱ» አለች።