ንፍፊት የመሰለው

ታላቅ እህቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ባልደረቦቿ «ጥሩምባ» ይሏታል፤ ስለ አውቶቡሱ ሳይሆን ስለ ድምፅዋ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናት። እኔ ፓቶሎጂስት ሆኜ ከሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ አነባለሁ። ካንሰር ደግሞ ስንቱን ቤት አልፎ የእሷን ጡት መረጠ። ዓይን አውጣ!

እብጠቱ ወደ ብብቷ ጠጋ ያለ ነበር። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ሲታይ ክፉው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ቶሎ የሚያድግ፣ የሆርሞን መድኃኒት የማይነካው። በእኛ ክፍል የዘመድ ናሙና ማንበብ ክልክል ስለሆነ ያነበቡት አለቃዬ ናቸው። «ካንሰሩ ወደ ብብት ንፍፊት ተሰራጭቷል» ብለው ጻፉ።

እህቴ ይህን ስትሰማ ሕክምናውን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

«ከተሰራጨማ በቃ! ጸጉሬን አራግፌ፣ ሳስታውክ ከርሜ ልሞት? አልፈልግም። መሪዬን እንደያዝኩ ልሙት።»

«እትዬ፣ ተሳፋሪዎቹስ ምን በደሉሽ?» አልኳት።

ሳቀች፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ ማንንም አልፈራም።

በማግስቱ፣ ስሕተት ቢኖርስ ብዬ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«ዶክተር፣ ስላይዱን አብረን እንየው።»

«የእህትሽን? ደንቡን ታውቂው የለም እንዴ?»

«እርስዎ ያንብቡ፤ እኔ አጠገብዎ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ።»

«አንቺ? አፍሽን?» አሉና ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያይበትን ማይክሮስኮፕ አበሩ።

ናሙናው ያረፈበት የመስታወት ስላይድ በነጭ የደም ሕዋሳት ጢም ብሎ ሞልቷል። ንፍፊት የእነዚህ የሰውነት ወታደሮች ሰፈር ነው። እብጠቱም ለብብት ቅርብ ስለሆነ፣ እንዲህ ታጭቀው ያያቸው ሰው ንፍፊት ነው ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን የናሙናውን ዳር ፈለግሁ።

«ወደ ግራ፣ ዶክተር። ትንሽ ዝቅ... እዚያ ጋ!»

አንዲት ጤነኛ የወተት ቦይ ዳር ላይ ቁጭ ብላለች። የወተት ቦይ ንፍፊት ውስጥ ምን ትሠራለች? ይሄ ጡት ነው። ካንሰሩም ከተነሣበት አልወጣም። ያ ሁሉ ሠራዊት እሱን ሊውጥ ከእህቴ ደም የመጣ ነው።

አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ። «ሪፖርቱን ዛሬውኑ አርማለሁ። ብብቷም በአልትራሳውንድ በደንብ ይታይ።»

ለምኜ ወሰድኳት፤ ታየች። ብብቷ ንጹሕ ነበር። ከምርመራ ክፍሉ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት።

«አልተሰራጨም! ደግሞ ሰውነትሽ ራሱ ካንሰሩን ከቦ እየተዋጋው ነው። እንዲህ የሚዋጋ ሰውነት ያላቸው ሰዎች መድኃኒቱ ይበልጥ ይሠራላቸዋል፤ የመዳን ዕድላቸውም ይሰፋል። ዋስትና ግን አልሰጥሽም።»

«እኔ ሳላውቅ እየተዋጋ ነው?»

«አንቺ እጅ ስትሰጪ እሱ እምቢ አለ።»

ደረቷን ነካ አደረገች። «አሳፈረኝ» አለች። «በቃ፣ የት ነው የምፈርመው?»

ሕክምናው አልማራትም። ጸጉሯ ረገፈ፣ ጥፍሯ ጠቆረ፣ ድምፅዋ ሰለለ። ነርሶቹን መቆጣት ስታቆም ፈራሁ፤ እንደገና ስትጀምር ተመስገን አልኩ። ከወራት በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የወጣውን ሥጋ አለቃዬ ሳይቸኩሉ አነበቡት። ከዚያ አስጠሩኝና ራሳቸው ወንበር ሳቡልኝ።

ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ። ጠባሳ አለ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም እዚህም እዚያም አሉ። ካንሰር የለም። አንድም ሕዋስ!

«ንፍፊቶቹስ?»

«እነሱም ንጹሕ ናቸው» አሉ አለቃዬ። «ንፍፊት መሆናቸውንም አረጋግጫለሁ።»

የተኛችበት ክፍል ድረስ ሮጥኩ። «ምንም የለም!» ስላት እጄን ይዛ ደጋግማ አስባለችኝ። በመጨረሻም ጎትታ አቀፈችኝ።

«እኔ እኮ ለሞት ተሰናድቼ ጨርሼ ነበር» አለች እየሳቀች፣ እንባዋ አንገቴ ላይ እየወረደ። «ለኑሮ ምንም አላሰናዳሁም!»

«ግድ የለም፣ እትዬ» አልኳት። «ጊዜ አለን።»