ዳኛው ያላየው እግር

ሊቺ ጉርሙ ከዳሪሙ ወደ መቱ ስትመጣ የቅርጫት ኳስ በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር። አሰልጣኛችን ጋሼ ጌድዮን ያገኟት በዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ሰልፍ ላይ ነው፤ ከፊቷ በተሰለፉት ሁሉ ራስ ላይ አሻግራ መስኮቱን እያየች ቆማ። «ኳስ ትጫወቻለሽ?» አሏት። «አልሞከርኩም» አለች። በማግስቱ የላስቲክ ጫማዋን አድርጋ ልምምድ ሜዳ መጣች።

በሦስተኛ ዓመቷ በምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ስሟን የማያውቅ ተጫዋች አልነበረም። እኔ ኡርጂ እባላለሁ፤ የመቱ ልጅ ነኝ፣ ዶርማችንም አንድ ነበር። ቡድኑ ውስጥ ተቀያሪ ስለነበርኩ አብዛኛውን ጨዋታ ያየሁት ከወንበር ላይ ነው። ያን ቀን የሆነውን ያየሁትም ለዚህ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ውድድሩ እኛው ዘንድ መቱ ሆነ። ለፍጻሜ ደረስን። ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ ወይዘሮ በምነት የሚባሉ መልማይ መጥተው ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ አንድ ተጫዋች ብቻ እንደሚወስዱ ሁላችንም ሰምተናል። ዓይናቸው ያረፈው በሁለት ሰው ላይ ነበር፤ በሊቺና በተጋጣሚያችን አስቆጣሪ በትህትና ላይ። ትህትና አጭርና ፈጣን ናት፤ ከሩቅ ወርውራ አትስትም።

ከጠዋት ጀምሮ ዘንቦ ስለነበር ሜዳውን በጆንያ አድርቀን ነው የጀመርነው። አርባ ሰከንድ ሲቀር 48 ለ 47 እየመራን ነው። ኳሱ ትህትና እጅ ገባ። ሊቺ ከፊቷ ቆመች። ትህትና አንድ ጊዜ አንጥራ ወደ ቀኝ ሸሸችና ለመወርወር ዘለለች። ሊቺ አልዘለለችም። ሁለት እጇን አነሳች፤ ቀኝ እግሯን ግን ወደ ፊት ዘርግታ ትህትና የምታርፍበት ቦታ ላይ አኖረችው።

ኳሱ የቅርጫቱን ብረት መትቶ ወጣ። የዳኞቹም የተመልካቹም ዓይን ኳሱን ተከተለ። ትህትና መሬት ስትነካ የጉልበቷ ድምፅ እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማ።

በቃሬዛ አወጧት። ዳኛው ሜዳውን በጫማው ጫፍ አሸት አሸት አድርጎ «ውሃው ነው» አለ። ጨዋታው ቀጠለ፤ አሸነፍን።

ማታ ዶርም ውስጥ ሊቺ ሜዳሊያውን ከአንገቷ ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አየሽ?» አለችኝ።

«አየሁ።»

«ምን መሰለሽ?»

«እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አልኳት።

ሜዳሊያውን በጣቷ አገላበጠች። «ከመዝለሏ በፊት አስቤዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «በምነት እሷን እያዩ ሲጽፉ ነበር። እንዲህ ትሰበራለች ብዬ አይደለም። ትወድቃለች ብዬ ነው።»

ወይዘሮ በምነት ከጨዋታው በኋላ ሊቺን መርጠዋታል። ፊርማው በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አባቷ ኦቦ ጉርሙም ሊገኙ ከዳሪሙ ተነስተዋል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች። ትህትና ከወገቧ በታች በብርድ ልብስ ተሸፍና ተኝታለች፤ ወደ ጅማ ሊወስዷት መኪና ይጠበቃል። እናቷ እትዬ ወርቅውሃ ሊቺን ሲያዩ ተነስተው ሳሟት።

«ከእናንተ ቡድን ሰው ሲመጣ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ ተቀመጪ።»

ሊቺ አልተቀመጠችም። «እትዬ፣ ውሃው አይደለም» አለች። «እግሬን ከሥሯ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ።»

እትዬ ወርቅውሃ እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብለው አወረዱ። ትህትና ዓይኗን ከጣሪያው አልነቀለችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ጫማሽን ረግጬዋለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ያምነኛል? ዳኛው ውሃ ነው ብሏል።» ከዚያ ፊቷን ወደ ሊቺ አዞረች። «ለእኔ ነግረሽ ቀለል ብሎሽ ልትሄጂ ነው? እዚህ ያለነው አራት ሰዎች ነን። ለሚመለከተው ተናገሪ።»

ከሆስፒታሉ እስከ ግቢ በባጃጅ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ በልቤ ዝም እንድትል እየተመኘሁ ነበር፤ ይህን አልክድም። ሜዳሊያው የእኔም ነበር።

ስፖርት ቢሮው በር ላይ ጋሼ ጌድዮን ጠበቁን። ልትናገር ያሰበችውን ስትነግራቸው ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ስሚኝ። ዳኛ ያልነፋው ጥፋት ጥፋት አይደለም። አባትሽ ከውስጥ ተቀምጠዋል። አራት ዓመት የለፋሁብሽ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ አይደለም ጋሼ» ብላ ገባች።

ወይዘሮ በምነት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ አቀበሏት። አልተቀበለችም። ቆማ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ ያደረገችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። ወይዘሮ በምነት እስክሪብቶውን መልሰው ከደኑ።

ኦቦ ጉርሙ አማርኛው ስለሚያስቸግራቸው ጭንቀቷን እንጂ ነገሩን በቅጡ አልያዙትም ነበር። «ማል ጄቴ?» አሏት፤ ምን አልሽ ማለታቸው ነው። በኦሮምኛ ደገመችላቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ከበዳት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። አባቷ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ቆሙ።

«ልጅቷ የት ነው የተኛችው?» አሉ። «እናቷን ሳላይ አልመለስም።»

ወደ እኔ ዞሩና አብሬአቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ስንደርስ መኪናው ሊነሳ ነበር። ኦቦ ጉርሙ በዝናብ ውስጥ ባርኔጣቸውን አውልቀው እትዬ ወርቅውሃ ፊት ዝቅ ብለው ቆሙ። ያሉትን በሞተሩ ድምፅ አልሰማሁም። እትዬ ወርቅውሃ መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ከዚያ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው «ይግቡ እንጂ፣ እየደበደበዎት ነው» አሏቸው። አባትየው ጅማ ድረስ አብረዋቸው ሄዱ።

ነገሩ የደረሰው የውድድሩ ኮሚቴ ምስክር ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ። ዋንጫውን መለስን፤ ሊቺ ለአንድ ዓመት ታገደች፤ ክለቡም ተዋት። ከቡድኑ ልጆች አብዛኞቹ እስክንመረቅ ድረስ እኛን አላነጋገሩንም። ጋሼ ጌድዮን ሰላምታ አልነፈጉንም፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን አልነበረም።

ትህትና ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ትራመዳለች፤ መጫወት ግን አልቻለችም። አሁን በደሌ ከተማ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ሊቺ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ትደውልላታለች። አንዳንዴ ታነሳለች፤ አንዳንዴ አታነሳም። ይቅር ብዬሻለሁ ብላት አታውቅም፤ ሊቺም ጠይቃት አታውቅም።

የእገዳውን ዓመት ሊቺ ኡካ በምትባል ትንሽ ከተማ ስፖርት ስታስተምር አሳለፈች። ብረት በያጅ የሠራላትን ቅርጫት ግንድ ላይ ሰቅላ በየማለዳው ብቻዋን ትወረውር ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ጅማ ያለ አንድ ክለብ ለሙከራ ጠራት። ለአሰልጣኙ ከመሮጧ በፊት የታገደችበትን ምክንያት ራሷ ነገረችው። «አውቄ ነው የጠራሁሽ» አላት። ተቀበላት።

ባለፈው ግንቦት ሄጄ ስትጫወት አየኋት። ሃያ አንድ ነጥብ አስቆጠረች፤ በመጨረሻው ሩብ አምስተኛና የመጨረሻ ፋውሏ ተቆጠረባትና ከሜዳ ወጣች። ፎጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጓደኞቿን ስታበረታታ ቆየች። ቡድኗ በሦስት ነጥብ ተሸነፈ።