ችካሉ ያልተተከለ ዘመን

የሟች እህቴ ልጆች ሁለት ናቸው፤ ታላቁ መሬት ቀያሽ፣ ታናሿ ልብስ ሰፊ። የልብስ ሰፊዋ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠባል። እኔ የራሴን ልስጥ ብል ሐኪሙ «እማማ፣ ይሄ ኩላሊት ከእርስዎ ጋር ስንት አገር ዞሯል! ይረፍበት» ብሎ መለሰኝ። የወንድሟ ግን በልኳ የተሰፋ ያህል ገጠመ። ሊሰጣት ፈረመ፤ የቀዶ ጥገናው ቀንም ተቆረጠ።

ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሷ ማሽኑ ላይ፣ እኔም አጠገቧ እንዳለን፣ ወንድሟ እስከ አፉ ውሃ የሞላ የመስታወት ጆግ ይዞ መጣ።

«ከማኅበራችን የተላከልሽ ነው» አላት። «የደለዊ ምልክት፤ ውሃ ቀጂው።»

ማኅበሩ በየሐሙሱ የሚሰበሰብ የኮከብ ቆጣሪዎች ማኅበር ነው። እንደ መምህራቸው ትምህርት፣ ሁለት ሺህ ዓመት የገዛን የሑት፣ ማለትም የዓሣው ዘመን፣ የመሥዋዕትነት ዘመን ነበር። ተከትሎት የገባው የደለዊ ዘመን ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ የሚፈስበት ነው።

በቀን ሁለት ብርጭቆ ውሃ ብቻ የተፈቀደላት እህቱ ጆጉን አይታ ከንፈሯን በምላሷ አረጠበች።

«ጋሼ፣ ምን ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

«አካልን ቆርሶ መስጠት ያለፈው ዘመን ሥርዓት ነው። ብሰጥሽ ሁለታችንንም ወደኋላ እጎትታለሁ። ሰስቼ እንዳይመስልሽ።»

«መቼ ገባ ይሄ ዘመን?»

«እሱ ያከራክራል። ገና አምስት መቶ ዓመት ይቀረዋል የሚሉም አሉ። መምህራችን ግን አምና ገብቷል ብለዋል።»

«አንተ እኮ ለአንድ ስንዝር መሬት የሰው አጥር የምታስነቅል ሰው ነህ! የዚህኛው ድንበር ችካሉ የት ነው የተተከለው? ለካኸው?»

ጆጉን አጠገቧ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ካልለካኸው አምስት መቶ ዓመት አለን። በል ና ተኛልኝ፤ በዓሣው ዘመን እንጨርሰው።»

ሳቄን መግታት አቃተኝ፤ ነርሷም ሳቀች። እሱ ራሱ ፈገግ ሲል አንጀቴ ራሰ፤ ተመለሰልን አልኩ።

«ፊርማዬን ጠዋት አሰርዣለሁ» አለ፣ ፈገግታው ገና ከፊቱ ሳይጠፋ። ግንባሯን ስሞ ወጣ።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ጆጉን ውሰጂልኝ። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።»

ጥግ ካለው የእጅ መታጠቢያ ላይ ደፋሁት። ጆጉ ትልቅ ነበርና ውሃው ቶሎ አላለቀም። ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች፤ ጉሮሮዋ ግን አብሮት ይውጥ ነበር።