የባሕር ጉዞ ኮሚቴ

አፀደ ጉዞውን ያቀደችው ለሦስት ሰው ነበር፤ ለራሷ፣ ለባሏ ለምናሴና ለአምስት ዓመቷ ልጃቸው ለአቢጊያ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተው፣ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረው ኦሽን ሲቲ ያድራሉ። ከዚያ ባሕሩን በግራ ይዘው ወደ ደቡብ፣ እስከ ቨርጂኒያ ቢች። ልጅቷ ሽንቴ መጣ ስትል የት የት እንደሚቆሙ ሳይቀር አጥንታለች። አቤት ስትጓጓ!

ጉዳዩ የባሕር ብቻ አልነበረም። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት በዱላ ቅብብል ነው። እሷ አሌክሳንድሪያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ትሠራለች፤ እሱ እዚያው ከተማ አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ሲያቆም ያመሻል። ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ይዞ ይመጣና በሆቴሉ ጓሮ ፓርኪንግ ላይ መኪናውንም ልጁንም ለእናትየው አስረክቦ ሥራ ይገባል። ሌሊት የሥራ ባልደረባው ያደርሰዋል፤ ቀን ይተኛል። እሱ ተኝቶ ሳለ ልጅቷን የምትይዘው ጎረቤታቸው መዓዛ ናት። በቀደም አቢጊያ ወድቃ ጉልበቷ ተጋጥቶ ስታለቅስ፣ አባቷ አጠገቧ ቆሞ እጁን ዘርግቶላት፣ እሱን አልፋ ሄዳ የመዓዛ ቀሚስ ላይ ተጠመጠመች። አፀደ ይህን አየች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። ልጄ አባቷን ሳታውቅ ልታድግ ነው አለች። እናም ስንት አለቃ ለምና፣ ስንት ሺፍት ተቀያይራ፣ ለሁለቱም ባንድ ጊዜ ጁላይ ላይ ኦፍ አገኘች።

ምን ዋጋ አለው! በርክ የሚባል ሰፈር ክርስትና ተጠርተው ምናሴ ሆዱ ጠግቦ ወሬ ሲያልቅበት፣ "እኛ እኮ ጁላይ ላይ ባሕር ልንሄድ ነው" አለ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? "ኑ፣ አብረን እንሂዳ!" አለ ለጠረጴዛው ሙሉ። ወጉስ ወግ ነው፤ የሚበላ ሰው "እንብላ" ይላል፣ የተጋበዘው "ብሉ፣ ጠግቤአለሁ" ይላል፣ ሁሉም በክብር ይለያያል። የዚያን ቀን ግን "ጠግቤአለሁ" ያለ አንድ ሰው ጠፋ። ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይኸው ነው።

የምናሴ የአጎት ልጅ ባርናባስ ስብሰባ ካልጠራ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ማታውኑ ቴሌግራም ላይ "የባሕር ጉዞ ኮሚቴ" የሚል ግሩፕ ከፈተ፤ ራሱን ሰብሳቢ፣ ሚስቱን ጸሐፊ አደረገ። "ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብሎ ለጠፈበት። ቫን ቡክ አደረገ። የሚጠበሰው፣ የሚቀቀለው ለየሰው ተደለደለ። ትልቁን ብረት ድስት ማን ይያዝ የሚለው ብቻ ቀኑን ሙሉ ሲያጨቃጭቅ ዋለ። ባሕር ዳር ሰው ድስት ይዞ ይሄዳል እንዴ? አፀደ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ደሟ ይፈላል። የአቢጊያ ቦታ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከልጆቹ ጋር ሆነ። አባቷ ፊት፣ ሹፌር።

"ምናለ አፍህን ብትይዝ?" አለችው ምናሴን።

"እትዬ እዚያ ተቀምጠው ዝም ልበል? ሰው ምን ይለኛል?"

እትዬ የዓለምዘርፍ አክስቱ ናቸው። እናቱ ስትሞት ያሳደጉት፣ ኋላም አሜሪካ ያመጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው እሄዳለሁ ካሉ ማን ደፍሮ ይቅሩ ይላል? እሳቸው ካልቀሩ ደግሞ እነ ባርናባስ አይቀሩም።

አፀደ ስትብሰለሰል ከርማ አንድ ቀን ከሥራ እንደወጣች ሙዝ ገዛች፤ ባዶ እጅ አይኬድም። እትዬ አሌክሳንድሪያ፣ ከመጦሪያው ብዙም ሳይርቅ ነው አፓርትመንታቸው። ገባች፣ ተሳሳሙ፣ ተቀመጠች። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች፤ ስለ ሙቀቱ አወሩ። ከዚያ ሳታስበው አመለጣት።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከእኛ ጋር እንዲሄዱ አልፈልግም።"

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"እርስዎን ጠልቼ አይደለም፤ ማርያምን! አቢጊያ አባቷን አታውቀውም። ሦስታችን ብቻችንን ካልሆንን መቼም አታውቀውም። ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ።"

እትዬ አንድ ሙዝ ልጠው ግማሹን ሰጧት።

"እኔን እኮ መኪና ያዞረኛል" አሉ። "እስከ በርክ ስሄድ እንኳ ፌስታል ይዤ ነው።"

"ታዲያ ለምን እሺ አሉ?"

"ምናሴ ለመነኛ! በክርስትናው ቀን የአፍ ነው ብዬ ትቼው ነበር። በማግስቱ ደወለ። ደግሞ ደወለ። 'እትዬ፣ አደራ እንዳይቀሩብኝ' ይለኛል። ሚስቱን የሚያግዝ ሰው ፈልጎ ይሆናል ብዬ እሺ አልኩት እንጂ፣ እኔ አሸዋ ላይ ምን እሠራለሁ?"

አፀደ ሙዙን ይዛ ቀረች። ይሉኝታ ይዞት ተናገረ ብላ ነበር። ለካ እየደወለ ሲለምን ነው የከረመው!

እትዬ ስልካቸውን አነሱና ለግሩፑ በድምፅ ላኩ። "ባርናባስ፣ እኔ ቀርቻለሁ። ጉዞው የነምናሴ ነው፤ ተዋቸው። እኔን ሌላ ጊዜ ባቡር ወደሚሄድበት ውሰደኝ።"

ባርናባስ ጊዜም አልፈጀ። "ሐሳቡ በኮሚቴው ይታያል" ብሎ ጻፈ።

"ታይቷል" አሉት እትዬ።

አፀደ ጉልበታቸውን ስማ ወደ ሆቴሉ ጓሮ ገሰገሰች። ምናሴ መኪናውን አቁሞ፣ በሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቃታል። አቢጊያ ኋላ ወንበሯ ላይ ታስራ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ ታብሌቷን ትነካካለች።

"እትዬን ለምን ለመንካቸው?" አለችው፤ ሰላምታም የለ።

ምናሴ መሬት መሬት አየ። "ፈርቼ ነው።"

"ምኑን?"

ባገጩ ወደ ኋላው መስኮት አሳየ። "እሷን። ቀኑን ሙሉ ምን አወራታለሁ? ከቤት እዚህ ድረስ እንኳ አንድ ነገር እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ 'ጉድ' ትለኛለች፣ አለቀ። ሰው ሲበዛ አይታወቅብኝም አፀደ። ሦስታችን ብቻ ከሆንን ግን ታዪብኛለሽ።"

ይዛው የመጣችው ቁጣ የት እንደገባ አላወቀችም። አንጀቷን በላው። ይህን ሁሉ ጊዜ ደንታ የሌለው ሲመስላት፣ ሰውየው ለካ የገዛ ልጁን ፈርቶ ኖሯል።

"እትዬ ቀርተዋል። ሁሉም ቀርቷል" አለችው። "የሚወራ ከጠፋም አብራችሁ ዝም በሉ። እኔስ ሁልጊዜ የማወራት ያለኝ መሰለህ?"

ምናሴ አንገቱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እምቢ አይታወቅም። ዞሮ የኋላውን በር ከፈተና ልጁ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

"አቢጊያ፣ ባሕር ልንሄድ ነው እኮ።"

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ አነሳች። ባሕሩ እንደ መዋኛ ገንዳው ማታ ማታ ይዘጋል ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

"አይዘጋም።"

"ታዲያ ማታ ማን ይጠብቀዋል?"

ምናሴ ጨነቀው። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። አፀደ መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

"እኔ እንጃ" አለ ምናሴ፣ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው እያደባለቀ። "ማታ ሄደን ብናየውስ፣ እኔና አንቺ?"

"ማሚስ?"

"ማሚ ትተኛለች።"

"ማሚ ትተኛለች?" አቢጊያ በሳቅ ፈነዳች። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ታብሌቷን ወንበሩ ላይ ጥላ፣ ባትሪ መብራት እንይዛለን ወይ፣ ዓሦቹስ ይተኛሉ ወይ፣ ጫማ ይደረጋል ወይ እያለች አንዱን ጥያቄ ባንዱ ላይ ታከታትልበት ጀመር። ምናሴ የሚያውቀውን መለሰ፣ የማያውቀውን ፈጠረ። አፀደም የመኪናውን ቁልፍ አልጠየቀችውም።

የዚያን ቀን ምናሴ ሥራ አርፍዶ ገባ።