የግራ ጉንጯ

«ይቺማ እናቴ አይደለችም!» አለች የእህቱ ልጅ፣ ከትንሿ ጠረጴዛ ላይ ያነሳችውን ፎቶ በሁለት እጇ እንደያዘች። «ጋሼ፣ እስቲ አንተው ፍረድ። ግማሽ ፊቷ የት ሄደ?»

ፎቶ አንሺው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ወሬያቸውን ገታ አደረጉ። ፎቶውን ያነሳው እሱ ራሱ ነው፤ እህቱ ቀኝ ጉንጯን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ግራው በጥላ ተውጦ። ሠላሳ ዓመት ሲያነሳት ከዚህ ሌላ አቀማመጥ ሰጥቷት አያውቅም። ለደንበኞቹም የሚደጋግማት አባባል ነበረችው፦ «ብርሃን ያሳያል፣ ጥላ ያስውባል።»

«ኧረ ልጄ፣ እንዴት አምራ የለ!» አለች ጎረቤቲቱ። የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ከእሷ ስለሚነሳ ሬዲዮ ይሏታል። «የተቃጠለ ጉንጭ አሁን ማስታወስ ምን ያደርጋል?»

«እኔ የማስታውሰው እሱን ነው። ልጅ ሆኜ ጣቴን ጠባሳው ላይ ካላደረግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።» ወደ አጎቷ ዞረች። «ሙሉ ፊቷን የሚያሳይ አንድ ፎቶ እንኳ የለህም?»

«የለኝም» አለ።

አፉ መፍጠኑ ራሱንም አስደነገጠው። ጥግ ከተቀመጠው ሰው ሁለት ዓይኖች ቀና ብለው አዩትና ተመልሰው ወለሉ ላይ አረፉ።

ታላቅ ወንድማቸው ነው። ብየዳ ሠራተኛ ነው። ከሩቅ ከተማ ለቀብሩ ደርሶ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፤ ከሰላምታ በቀር አሥር ቃል አልወጣውም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚነሳው አውቶቡስ ይመለሳል፤ ቦርሳው ከወንበሩ ሥር ታስሮ ተቀምጧል።

ልጅቱ ፎቶውን ወደ ቦታው መለሰችና አጠገቡ የቆመውን መብራት ቀና አደረገችው። አንገቱ ላይ ያለው ቪቴ ስለላላ መብራቱ ሰው ባየው ቁጥር እንደሚያፍር ያዘቀዝቃል።

«ያኔ ፊቷ ላይ መብራት የጣለባት ይሄኛው ወንድሟ አይደል?» ሬዲዮ አጠገቧ ላለችው ሴት አንሾካሾከች። ምን ያደርጋል፣ ድምፅ መቀነስ አታውቅበትም። «በምን ዓይኑ ያየናል?»

በያጁ ሰምቷል። ከፊቱ ያለውን ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ መሀል ገፋ አደረገው። ሰው ፊት ዕቃ ሲነካ እንዲህ ነው፤ ይሰበርብኛል እንደሚል ሕፃን።

ፎቶ አንሺው ያንን እጅ አይቶ ፊቱን አዞረ።

ያኔ የፎቶ አንሺው ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ ነበር። የቤታቸውን የፊት ክፍል ስቱዲዮ ብሎ፣ ከባድ የብረት ቆብ ያለው አሮጌ መብራት ገዝቶ፣ እህቱን ወንበር ላይ አስቀምጧታል። ፊቷ ላይ ያረፈው ብርሃን ልቡን ሰረቀው። ትንሽ ከፍ ቢል ደግሞ ይበልጥ ያምራል። መብራቱን በምሰሶው ላይ ገፍቶ ከፍ አደረገው፤ ብርሃኑ እንዳያመልጠው ወደ ካሜራው ሮጠ። ቪቴውን አላጠበቀውም።

የጋለው ብረት በምሰሶው ተንሸራቶ ግራ ጉንጯ ላይ አረፈ።

እናታቸው እየጮኸች ገባች። «ማነው? ማነው?» ታላቅ ወንድማቸው በር ላይ ቆሟል፤ የመብራቱ ገመድ በእግሩ ሥር ያልፋል። በቤቱ የተሰበረ ብርጭቆ ሁሉ የሚሳበብበት እጀ ሰባራ ልጅ ነበር።

«ወንድም ጋሼ ገመዱን ጠለፈው!» አለ ፎቶ አንሺው።

ወንድሙ አልተከራከረም። ዝቅ ብሎ እግሩን አየ። ወሩ ሳያልቅ፣ እናታቸው ዓይንህን አያሳየኝ ስላለችው ከቤት ወጣ።

«ሰዓቱ ደረሰ» አለ በያጁ፣ የግድግዳውን ሰዓት አይቶ።

«ገና ነው። ትንሽ ቆየኝ፣ መጣሁ።» ፎቶ አንሺው ተነስቶ ወጣ።

ስቱዲዮው ከቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው። በፍጥነት ከፍቶ ገባና የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። ቡናማው ፖስታ እንደተቀመጠ ነው።

ከአራት ወር በፊት፣ በሽታው ሲጠናባት፣ እህቱ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ዛሬ በግራዬ አንሳኝ» አለችው።

«እትዬ፣ የሚያምርልሽ በቀኝ ነው።»

«ለእኔ ነው የሚያምረው ወይስ ለአንተ?» ሳቀችበት። ከዚያ ጥግ የቆመውን የመብራት ምሰሶ እያየች፣ «ምሰሶውኮ አልወደቀም ነበር» አለች። «ገመዱ ቢጠለፍ ኖሮ ምሰሶው ነበር የሚወድቀው። የወረደው መብራቱ ብቻ ነው።»

ከካሜራው ቀና አለ። «ለምን ዝም አልሽ?»

«ነገሩ ሲገባኝ አንዱ ወንድሜ ሄዶ ነበር፤ ሁለተኛውን ላጣ ፈራሁ። እኔም አጥፍቻለሁ። በኋላ ደግሞ ያንተ አፍ እስኪፈታ ስጠብቅ አረጀሁ።» አገጯን ወደ ብርሃኑ አዞረች። «አንሳኝ። ፎቶውን ለሰው የምታሳየው ለወንድማችን እውነቱን የነገርከው ቀን ነው።»

አሁን ፎቶውን ከፖስታው አወጣው። ጠባሳው ከጉንጯ ተነስቶ የከንፈሯን ጫፍ ወደ ላይ ሳብ አድርጎታል፤ ቀልድ ልትጀምር የቃጣት ትመስላለች። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጥላ የሸፈነው ይህን ፈገግታ ነው። አሳምራታለሁ ሲል የኖረው የራሱን እጅ ሥራ ላለማየት ነበር።

ሲመለስ በያጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ለልጅቱ «አይዞሽ» እያላት ነው። ፎቶ አንሺው አሮጌውን ፎቶ አንስቶ አዲሱን በቦታው አቆመው።

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማዬ… የለኝም አላልከኝም ነበር?»

«ዋሽቼሽ ነው። ውሸት ለምዶብኛል።» ሬዲዮም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። «ወንድም ጋሼ፣ ገመዱን አልጠለፍከውም። ቪቴውን ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ። ምሰሶው እንደቆመ ነበር፤ መብራቱ ነው ተንሸራቶ የወረደው። አንተ ምንም አልነካህም።»

ሬዲዮ እንኳ የምትለው ጠፋባት።

በያጁ ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። «ምሰሶው ቆሞ ነበር?»

«ቆሞ ነበር።»

«እሷስ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር። እንድነግርህ እየጠበቀችኝ ነው የሞተችው።»

በያጁ ዝቅ ብሎ እግሩን አየ፤ ልክ እንደዚያን ቀን። «ይህን እግር» አለ፣ «ስንት ጊዜ እንዳየሁት ታውቃለህ?»

ለፎቶ አንሺው ወንድሙ ጥፊ ቢያቀምሰው ይሻለው ነበር። በያጁ ግን አልፎት ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ከእህቱ ፎቶ ፊት ቆመ። አጠገቡ ያለው መብራት እንደልማዱ ማዘቅዘቅ ጀምሯል።

በግራ እጁ የመብራቱን አንገት ደግፎ ያዘና በቀኙ ቪቴውን አገኘው። አጠበቀው። ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ አጠበቀው። ነቅነቅ አድርጎ ሞከረውና ብርሃኑን ወደ ግራ ጉንጯ አዞረው።

መብራቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እሱም እጁን አላነሳም።