የሁለት ሰዓቱ መኪና

ከቢቸና መናኸሪያ ሳይሞላ የሚወጣ መኪና አይቼ አላውቅም። ክረምት ይሁን በጋ ሾፌሩ ይጠብቃል፣ እኛም እንጠብቃለን፤ የመጨረሻው ሰው ሲገባ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ አንድ ነጭ ቅጥቅጥ አውቶቡስ በየማለዳው ልክ በሁለት ሰዓት፣ ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር መውጣት ሲጀምር ነገሩ አልጣመኝም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የወረዳ ንብረት ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ኃይለ ጊዮርጊስ ሳይቆጥር አይፈርምም ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንደ ምስጋና ነበር የምወስደው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ቤቴ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆጠርኩት። ሃያ ዘጠኝ ወንበር አለው። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰው ይጭናል፣ አንድ ቀን አሥራ አራት። ተማሪ በሌለበት፣ ገበሬ ከእርሻው በማይወጣበት ወር ባዶ ወንበር ይዞ የሚሮጥ ሰው ሌላ የሚጭነው ነገር ቢኖር ነው። ኮንትሮባንድ ይሆናል አልኩ። ወይም ሌሎቹን መኪኖች አባሮ ሲያበቃ መስከረም ላይ ብቻውን ታሪፍ ሊሰቅል። ተራ አስከባሪው ፍቅረ ሥላሴ "ምን አገባዎት ጋሼ፣ ይሂድበት!" ሲለኝ እሱንም ጠረጠርኩት።

ታዲያ አንድ ሐሙስ እኔው ራሴ ሞጣ መድረስ ነበረብኝ። እዚያ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሀብትነሽ ለኦፕራሲዮን ወደ ባሕር ዳር የምትሄድበት ቀን ነው። ከተኮራረፍን በዘጠነኛው ዓመት ደውላ "ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት ዐይንህን ልየው" አለችኝ።

ያኮራረፈን የእናታችን የብር መስቀል ነው። እናታችን ባረፈች ሰሞን መስቀሉ ጠፋ። እኔም በለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት፣ ሀብትነሽን "ቦርሳሽን ክፈቺ" አልኳት። ከፈተች። ምንም የለም። ከዚያች ቀን ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። መስቀሉን ካቻምና የእናቴን ሣጥን ሳጸዳ፣ ከሥሩ ከተነጠፈው ጨርቅ ውስጥ ራሴ አገኘሁት። አልነገርኳትም። አፍሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ያን ሐሙስ መስቀሉ በኮቴ ኪስ ነበር። ሐኪም ቤት ሳትገባ እጇ ላይ አስቀምጬ እግሯ ላይ ልወድቅ ነበር ያሰብኩት።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። የማላውቀውን ቁጥር አላነሣም፤ ሎተሪ ደርሶዎታል የሚሉ ሌቦች ሞልተዋል። ሦስት ጊዜ ጠራ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት። ነጩ መኪና ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው ሚኒባስ ግን ጢም ብሏል፤ "ሞጣ! ሁለት ሰው የቀረው!" ይላሉ። ሰው የሸሸውን ከመሳፈር ሰው ያመነውን መሳፈር ይሻላል ብዬ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን የነጩ መኪና ሾፌር ወረደ። ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ብጣሽ ወረቀት እያየ "አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ! አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባሉ አሉ?" ብሎ ተጣራ።

ክው አልኩ። ስሜን ከየት አገኘው? ስቆጥረው አይቶኝ ይሆን? ባርኔጣዬን ወደ ዐይኔ ሳብ አድርጌ ዝም አልኩ። ሾፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ወዲያው የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ቁጥሬንም አግኝቶታል! ስልኩን ጨርሶ አጠፋሁት። ሰውየው ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ መኪናውን አስነሣ። ያን ቀን ብቻ አምስት ደቂቃ አረፈደ። ይህንንም ጠረጠርኩ።

ነጩ መኪና ከበር እንደወጣ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ባለጋቢ "ውኃ ገዝቼ ልምጣ" ብሎ ወረደ። ቀጥሎ ከጎኔ ያለው። ቀጥሎ ከኋላ ሁለት። አልተመለሱም። ለካ ሰው እንዲገባ ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡ ደላሎች ናቸው! ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት የቆጠርኩ ሰው ተሳፋሪ መቁጠር አቃተኝ። ሲሞላ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። እስከ ሞጣ ድረስ በንዴት ስበግን ሄድኩ።

የሀብትነሽ በር ተቆልፏል። ጎረቤቷ ሙኒያ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ከሱቋ ወጣች።

"ውይ ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ! አሁን ይመጣሉ? አራት ሰዓት ተኩል ላይ እኮ ሄዱ፤ እሷም ልጇም።"

"በምን ሄዱ?"

"በነጩ መኪና ነዋ! ለእርስዎም ከቢቸና ጀምሮ እስከ ባሕር ዳር፣ ከእሷ ጎን፣ ወንበር ተይዞልዎት ነበር። ሾፌሩ ሙጀሂድ ወንድሜ ነው፤ ስምዎንና ስልክዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?"

"‘ወንበር ያዝኩልህ ካልኩት ምን ፈልጋ ነው ብሎ ይቀራል። እበሩ ላይ በስሙ ይጥሩት፣ ያኔ እምቢ አይልም’ አለች።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲያም ሆኖ አመሌ አልለቀቀኝም።

"ለመሆኑ ወንድምሽ ለምንድን ነው ባዶ መኪና የሚነዳው?"

"በክረምት ሰው የለም ብሎ አንድ ቀን ከቀረ፣ በጥር ሠርገኛው ሲበዛ ማን ያምነዋል? ሰዓቱን ከለቀቀም ሌላ ይወስድበታል። ሀብትነሽስ የሐኪም ቀጠሮ ይዛ፣ እስኪሞላ ልትጠብቅ ኖሯል?"

"ሌላ ነገር አይጭንም?"

"ምን ይጭናል ጋሼ?"

ስልኬን አበራሁና ያን የማላውቀውን ቁጥር ደወልኩ። አዴት ላይ ቆመው ሰው እያሳፈሩ ነበር። ሙጀሂድ ድምፄን ሲሰማ ስልኩን ለሀብትነሽ አቀበላት።

"ጋሼ? ደህና ነህ? አንድ ነገር ያገኘህ መስሎኝ እኮ..."

"መስቀሉ እኔ ዘንድ ነው" አልኳት። ሌላ መግቢያ አላገኘሁም። "ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ካቻምና አገኘሁት።"

ከኋላዋ የተሳፋሪ ድምፅ፣ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

"ካቻምና?"

"ካቻምና።"

"ሰባቱን ዓመት ተወው ጋሼ፤ ጠርጥረኸኝ ነው። ሁለቱን ዓመት ግን ምን ልበለው?"

አንዲት ሴት "እዚህ ሰው አለ?" ስትላት ሰማሁ።

"የለም፣ ቦርሳዬን ላንሣልሽ" አለቻት ሀብትነሽ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ፣ "ዛሬ አትከተለኝ። ድኜ ከወጣሁ እኔው እደውልልሃለሁ" አለችና ዘጋችው።

ኦፕራሲዮኑ በደህና ማለፉን የሰማሁት ከሙኒያ ነው። አሁን ስልኬ በጮኸ ቁጥር፣ የማላውቀው ቁጥር ቢሆንም፣ አነሣለሁ። እስካሁን የደወሉልኝ ሎተሪ ደርሶዎታል የሚሉት ብቻ ናቸው።